የደም ሥር ግድግዳ ሕዋሳት እንዴት ይነጋገራሉ? ለመመረቂያ ጥናት የሙከራ ዘዴ መምረጫ

የደም ግፊትን ያወርዳል የሚባል ቅጠል ይዞ ወደ ላቦራቶሪ የሚመጣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «የትኛውን መሣሪያ ልጠቀም?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቦታው ግን ሁለተኛ ነው። በቅድሚያ መለየት ያለበት የደም ሥሩ ሕዋሳት ከሚለዋወጧቸው መልእክቶች የትኛውን መከታተል እንደምንፈልግ፣ እርሱንም በትልቅ ወይስ በትንሽ የደም ሥር ላይ እንደምንከታተል ነው። ይህ ሳይለይ የተመረጠ መሣሪያ የሚያምር ግራፍ ያወጣ ይሆናል፤ የተነሣንበትን ጥያቄ ግን አይመልስም። መመሪያው በፊዚዮሎጂ፣ በፋርማኮሎጂና በተቀራራቢ ዘርፎች ጥናት ለሚያቅዱ የተዘጋጀ ነው።

መልእክቶቹና መንገዶቻቸው

የደም ቅዳ ግድግዳን ከውስጥ ወደ ውጭ ስንሄድ ደሙን በቀጥታ የሚነካው ኢንዶቴሊየም የሚባለው የአንድ ረድፍ ሕዋሳት ንጣፍ ነው። ሕዋሳቱ ቁመታቸውን ደሙ በሚፈስበት አቅጣጫ ዘርግተው የተኙ ናቸው። ከእነርሱ በኋላ ተለጣጭ የሆነ ስስ ሽፋን ይመጣል፤ ከሽፋኑ ቀጥሎ የደም ሥሩን ዙሪያ የተጠመጠሙ የለስላሳ ጡንቻ ሕዋሳት ይገኛሉ። ጡንቻው ሲኮማተር የደም ሥሩ ይጠብባል፤ ሲላላ ይሰፋል። መቼ እንደሚኮማተርና መቼ እንደሚላላ በመወሰን ረገድ ግን ኢንዶቴሊየሙ ትልቅ ድርሻ አለው።

ኢንዶቴሊየሙ ለጡንቻው የሚልከው የመጀመሪያው ዓይነት መልእክት ኬሚካላዊ ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ ከኢንዶቴሊየም ተነሥቶ ወደ ጡንቻው ይሰርጋል፤ በዚያም ሳይክሊክ ጂኤምፒ የተባለው ንጥረ ነገር እንዲጨምር በማድረግ ጡንቻውን ያላላል። ዕድሜው በሰከንዶች የሚቆጠር በመሆኑ ሩቅ አይጓዝም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተገኘው ፕሮስታሳይክሊንም ጡንቻን ያላላል። በ1988 በጃፓን ተመራማሪዎች የተለየው ኢንዶቴሊን ደግሞ በተቃራኒው አጥብቆ ያኮማትራል።

ሁለተኛው መልእክት የኤሌክትሪክ ነው። በኢንዶቴሊየሙ ውስጥ ካልሲየም ሲጨምር የፖታሲየም በሮች ይከፈታሉ፤ ፖታሲየም ይወጣና የሕዋሱ ውስጠኛ ክፍል ይበልጥ ኔጌቲቭ ይሆናል። ይህ ለውጥ ተለጣጩን ሽፋን ሰንጥቀው በሚያልፉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል፣ ጋፕ ጃንክሽን በተባሉ መተላለፊያዎች አማካይነት ወደ ጡንቻው ይሻገራል። ጡንቻው ጋ ሲደርስ የካልሲየም በሮችን ያዘጋል፤ ጡንቻውም ይላላል። ጋፕ ጃንክሽን የሚሠራው ኮኔክሲን ከሚባሉ ፕሮቲኖች ነው። ከእያንዳንዱ ሕዋስ በኩል ስድስት ስድስት ኮኔክሲን ተሰባስበው ግማሽ በር ይሠራሉ፤ ሁለቱ ግማሾች ሲገጥሙ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ የሚዘልቅ መንገድ ይከፈታል። በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ኮኔክሲን 37፣ 40፣ 43 እና 45 ይገኛሉ።

ሦስተኛው በንክኪ የሚተላለፍና ዝግ ያለ ነው። ኢንዶቴሊየሙ በገጹ ላይ የያዘው ጃግድ1 የተባለ ፕሮቲን በጡንቻው ገጽ ላይ ያለውን ኖች3 ሲነካ የጡንቻው የዘረመል እንቅስቃሴ ይለወጣል። ይህ የደም ሥሩን በደቂቃ ውስጥ የሚያሰፋ ወይም የሚያጠብብ መልእክት አይደለም፤ የግድግዳውን አሠራርና ጤንነት የሚወስን እንጂ። በኖች3 ዘረመል ላይ የሚከሰት ለውጥ ካዳሲል የተባለውን በዘር የሚተላለፍ የአንጎል ትናንሽ የደም ሥሮች በሽታ እንደሚያመጣ በ1996 ታውቋል።

ንግግሩ የሁለት ወገን መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ጡንቻው በመድኃኒት እንዲኮማተር ሲደረግ በኢንዶቴሊየሙ ውስጥ ካልሲየም ከፍ ሊልና ናይትሪክ ኦክሳይድ ሊመነጭ ይችላል። «ኢንዶቴሊየም ያዝዛል፣ ጡንቻ ይታዘዛል» የሚለው አቀራረብ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይበቃ ይሆናል፤ የሙከራ ውጤት ለሚተረጉም ተመራማሪ ግን አደገኛ ነው።

የዘዴ ምርጫውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ነጥብ የሚከተለው ነው። እንደ አኦርታ (ከልብ የሚነሣው ዋናው ደም ቅዳ) ባሉ ትልልቅ ደም ቅዳዎች ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ የበላይነት አለው። የደም ሥሩ እየቀጠነ ሲሄድ የኤሌክትሪኩ መልእክት ድርሻ እየገነነ ይመጣል። ደሙ በሚፈስበት ጊዜ ዋናውን ተቃውሞ የሚፈጥሩትና የደም ግፊትን በመወሰን ረገድ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ደግሞ ቀጫጭኖቹ ናቸው። ስለዚህ በአኦርታ ላይ ብቻ ተሠርቶ ስለ ደም ግፊት የሚደመድም ጥናት መካከሉ ላይ ክፍተት አለው። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ይህን ክፍተት ሳይጠቅሱ ያልፉታል፤ ገምጋሚ ሲጠይቃቸው ግን መልስ ያጣሉ።

የአኦርታ ቀለበት በኦርጋን ባዝ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ተደራሽ የሆነውና ብዙ የተሠራበት ይህ ዘዴ ነው፤ ኦርጋን ባዝ የደም ሥር ቁራጭ በሞቀ ፈሳሽ ውስጥ ተንጠልጥሎ የመኮማተር ኃይሉ የሚለካበት ዕቃ ነው። የሽፈራው ቅጠል በጊኒ ፒግ አኦርታ ላይ የተፈተነው በዚህ መንገድ ነበር። ታሪኩም የሚያኮራ ነው፤ ዘርፉ ራሱ የተወለደው እዚህ ላይ ነውና። ሮበርት ፈርችጎት በኒው ዮርክ ብሩክሊን ከጆን ዛዋድስኪ ጋር በ1980 ባሳተመው ጥናት የጥንቸል አኦርታ አሴቲልኮሊን በተባለው የነርቭ መልእክተኛ ንጥረ ነገር የሚላላው ኢንዶቴሊየሙ ሳይነካ ሲቀር ብቻ መሆኑን አሳየ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሙከራዎች የአኦርታ ቁራጩ ሲዘጋጅ ውስጡ ሳይታወቅ ይፈገፈግ ስለነበረ አሴቲልኮሊን ሲጨመርበት በመላላት ፈንታ ይኮማተር ነበር። ፈርችጎት ቀጥሎ ያደረገው ሙከራ ለርእሳችን እጅግ ተስማሚ ነው። ኢንዶቴሊየም የሌለውን ቁራጭ ኢንዶቴሊየም ካለው ቁራጭ ጋር ፊት ለፊት አጣበቀው። አሴቲልኮሊን ሲጨመር ኢንዶቴሊየም የሌለውም ቁራጭ ላላ። ከአንዱ ሕዋስ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚሻገር ነገር መኖሩን ያለ ምንም ውስብስብ መሣሪያ ማረጋገጥ ተቻለ። ነገሩ ናይትሪክ ኦክሳይድ መሆኑ በ1987 ታወቀ፤ ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድም በ1998 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄው ብዙ ነው። ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቀለበት ክሬብስ በተባለ ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ይንጠለጠላል፤ 95 በመቶ ኦክስጅንና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለው ጋዝ ያለማቋረጥ ይነፋበታል። ቀለበቱ ተረጋግቶ እስኪያርፍ አንድ ሰዓት ያህል ይጠበቃል፤ ከዚያ ፌኒልኤፍሪን በተባለ አኮማታሪ መድኃኒት እንዲኮማተር ተደርጎ አሴቲልኮሊን ይጨመራል። የኃይሉ መጠን የሚመዘገብበት መስመር ከወረደ ኢንዶቴሊየሙ ደህና ነው። ኢንዶቴሊየሙን ማስወገድ ሲያስፈልግ የቀለበቱ ውስጥ በቀጭን እንጨት ወይም በወረንጦ ጫፍ በቀስታ ይፈገፈጋል። ተማሪዎች በብዛት የሚዘሉት ደረጃ እዚህ ላይ ነው፤ ከተፈገፈገ በኋላ አሴቲልኮሊን ቀለበቱን አለማላላቱ ብቻውን አይበቃም። ኢንዶቴሊየም ሳያስፈልገው ጡንቻውን በቀጥታ የሚያላላው ሶዲየም ናይትሮፕሩሳይድ ተጨምሮ ቀለበቱ ሙሉ በሙሉ መላላት አለበት። ካልላላ የተጎዳው ኢንዶቴሊየሙ ብቻ ሳይሆን ጡንቻውም ነው፤ በዚያ ቀለበት ላይ የሚገኘው ውጤት መጣል አለበት።

የዘዴው ጥንካሬ ርካሽነቱ፣ በአንድ እንስሳ አኦርታ በርካታ ቀለበቶችን ጎን ለጎን ማስኬድ መቻሉና ከብዙ ቀደምት ጥናቶች ጋር መነጻጸሩ ነው። ድክመቱ ከላይ የተባለው ነው፤ ስለ ኤሌክትሪኩ መልእክት የሚነግረን ጥቂት ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድን ለሚፈልግ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

የሽቦ ማዮግራፍ ወይስ የግፊት ማዮግራፍ?

ለቀጫጭን ደም ቅዳዎች ሁለት መሣሪያዎች አሉ፤ በእነርሱ መካከል መምረጥ በእውነት ከባድ ነው።

ማልቫኒና ሃልፐርን በ1970ዎቹ አጋማሽ ያስተዋወቁት የሽቦ ማዮግራፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቁራጭ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎችን ያሳልፋል፤ የሽቦው ውፍረት ብዙውን ጊዜ 40 ማይክሮ ሜትር ነው። ጡንቻው ሲኮማተር ሽቦዎቹን ይስባል፤ ኃይሉም ይለካል። የአይጥ አንጀትን ከሚመግቡት ደም ቅዳዎች ከ200 እስከ 300 ማይክሮ ሜትር ስፋት ያላቸው ቅርንጫፎች በብዛት የሚሠራባቸው ናቸው። ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ቁራጭ በተወሰነ ሥርዓት ይወጠራል፤ በ100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት ሊኖረው ከሚችለው ዙሪያ 90 በመቶው ላይ ይቆማል። ይህ ሥርዓት የተለያዩ እንስሳት የደም ሥሮች በአንድ መለኪያ እንዲነጻጸሩ ያደርጋል፤ የስኳር በሽታ ያለበትንና የሌለበትን እንስሳ ለማወዳደር ዋና ጥቅሙም ይኸው ነው። አራት ቁራጮችን በአንድ ጊዜ የሚያስኬዱ ሞዴሎች አሉ። አደጋው ሽቦው ራሱ ነው፤ ሲገባ ኢንዶቴሊየሙን ሊቧጭር ስለሚችል የለመደ እጅ ይፈልጋል።

የግፊት ማዮግራፍ የደም ሥሩን በሁለቱም ጫፍ በመስታወት ቱቦ ላይ ያስራል፤ ውስጡን በፈሳሽ ይሞላና ግፊት ይሰጠዋል። የሚለካው ኃይል ሳይሆን ስፋት ነው፤ በካሜራ። እዚህ ላይ የደም ሥሩ በሰውነት ውስጥ ወዳለው ሁኔታ በጣም ይቀርባል። ግፊቱ ሲጨምር ማንም ሳይነካው በራሱ ይጠብባል፤ ፈሳሽ ሲፈስበት ይሰፋል። መድኃኒትን ከውስጥ በኢንዶቴሊየሙ በኩል፣ ወይም ከውጭ በጡንቻው በኩል ለይቶ መስጠት ይቻላል። ከሁሉ በላይ ግን መልእክቱ በርዝመት ሲጓዝ ማየት የሚቻለው በዚህ ነው። በደም ሥሩ አንድ ጫፍ ላይ በቀጭን ቱቦ ጥቂት አሴቲልኮሊን ይረጫል፤ ተመልካቹ ካሜራውን ከዚያ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ርቀት ላይ ያደርጋል። መድኃኒቱ ያልደረሰበት ቦታም ይሰፋል። መልእክቱን ያደረሱት በርዝመት የተዘረጉትና በጋፕ ጃንክሽን የተያያዙት የኢንዶቴሊየም ሕዋሳት ናቸው። የሽቦ ማዮግራፍ በ2 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ይህን ጉዞ ሊያሳይ አይችልም።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ጥያቄው «በበሽታ ምክንያት የኢንዶቴሊየሙ መልእክት ተዳክሟል ወይ?» ከሆነ የሽቦውን እመርጣለሁ፤ ፈጣን ነው፣ ቁጥሩም በቂ ይሆናል። ጥያቄው መልእክቱ እንዴት እንደሚጓዝ ወይም የደም ሥሩ ለግፊትና ለፍሰት እንዴት እንደሚመልስ ከሆነ ግን የግፊቱን ምትክ የሚሆን የለም። አንድ የደም ሥር ማሰር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በቀን የሚገኘውም ውጤት ጥቂት ነው። ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ተማሪ ቀነ ገደቡ ሲደርስ ይጨነቃል።

የሕዋስ ባህል፣ ኤሌክትሮድና ሕያው እንስሳ

ከሰው እትብት ደም ሥር የሚገኙ የኢንዶቴሊየም ሕዋሳትን በላቦራቶሪ ማሳደግ ከ1973 ጀምሮ ይቻላል። ኢንዶቴሊየምን በአንድ ወገን፣ የጡንቻ ሕዋሳትን በሌላ ወገን አድርጎ በመካከላቸው ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ስስ ገለፈት በማድረግ ሁለቱን አብሮ ማሳደግ ይቻላል። የጃግድ1ና የኖች3ን ዓይነት ንግግር ለማጥናት፣ አንድን ዘረመል ለማፈን፣ ወይም የሰው ሕዋስ የግድ ሲሆን ይህ ትክክለኛው ምርጫ ነው። ነገር ግን የሚያድገው የጡንቻ ሕዋስ የመኮማተር ጠባዩን እየተወ ወደ መባዛት ያዘነብላል፤ የእትብቱም ሕዋስ የመጣው ከደም መልስ እንጂ ከደም ቅዳ አይደለም። ያለ ፍሰት በሳህን ላይ ያደገ ኢንዶቴሊየም ደግሞ በሰውነት ውስጥ ካለው ጋር በብዙ ነገር አይመሳሰልም። «የደም ሥሩን ያሰፋል» የሚል ድምዳሜ ከሕዋስ ባህል ብቻ ማውጣት አይገባም።

ቀጭን የመስታወት ኤሌክትሮድ የሕዋሱን ቮልቴጅ በቀጥታ ስለሚለካ ለኤሌክትሪኩ መልእክት የመጨረሻው ማስረጃ ነው። ቀለም አስገብቶ ወደ ጎረቤት ሕዋስ ማለፉን መመልከትም ይረዳል፤ ቀለሙ አለማለፉ ግን ኤሌክትሪኩ አለማለፉን አያረጋግጥም።

የአይጥን የደም ግፊት በጅራት መለካት ጠቃሚ ቢሆንም ስለ ሕዋሳት ንግግር ምንም አይናገርም። ኩላሊት፣ ልብና ነርቭ ሁሉም በቁጥሩ ውስጥ ገብተዋልና። ከዘረመል ጋር ሲጣመር ግን ዋጋው ይለወጣል፤ ኮኔክሲን 40 የሌላቸው አይጦች በደም ሥራቸው ርዝመት የሚጓዘው መልእክት ተዳክሞ፣ የደም ግፊታቸውም ከፍ ብሎ ታይቷል።

ማገጃዎችን መምረጥ

መሣሪያው የትኛውም ቢሆን መልእክቱን ለይቶ የሚያሳየው ማገጃው ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድን ለማስቆም ኤል-ኔም፣ ፕሮስታሳይክሊንን ለማስቆም ኢንዶሜታሲን ይበቃሉ። ሁለቱ ተጨምረውም የቀረ መላላት ካለ የኤሌክትሪኩን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ እርሱም የኢንዶቴሊየሙን የፖታሲየም በሮች የሚዘጉት፣ ከንብ መርዝ የሚገኘው አፓሚንና ትራም-34፣ አብረው ሲጨመሩ መጥፋት አለበት። አንዱ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም።

እነዚህን ለመግዛት አቅም ለሌለው ላቦራቶሪ አንድ ርካሽ መንገድ አለ፤ የፖታሲየም ክሎራይድ። በፈሳሹ ውስጥ የፖታሲየም መጠን በጣም ከፍ ሲደረግ ፖታሲየም ከሕዋሱ እንዲወጣ የሚገፋው ልዩነት ስለሚጠብብ የኤሌክትሪኩ መልእክት አቅም ያጣል። ቅጠሉ በፌኒልኤፍሪን የተኮማተረውን ቀለበት አላልቶ በከፍተኛ ፖታሲየም የተኮማተረውን ካላላላ፣ የፖታሲየም በሮች ጉዳዩ ውስጥ መኖራቸው ሊጠረጠር ይችላል። ሁለቱንም እኩል ካላላ ግን የካልሲየም በሮችን በቀጥታ እየዘጋ ሊሆን ይችላል። ይህ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ቅጠሉ ፌኒልኤፍሪን የሚይዘውን ተቀባይ ዘግቶም ተመሳሳይ ውጤት ሊሰጥ ይችላልና።

በጋፕ ጃንክሽን ማገጃዎች ላይ ግን ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ካርቤኖክሶሎንና የእርሱ ዘመዶች ርካሽና በቀላሉ የሚገኙ ናቸው፤ ጋፕ ጃንክሽንን ብቻ ግን አይነኩም። ሌሎች የሕዋስ በሮችንም ስለሚያውኩ በእነርሱ ብቻ የተደገፈ ድምዳሜ ደካማ ነው። ጋፕ27ን የመሰሉ አጫጭር ፔፕታይዶች የተሻሉ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ይከብዳል። ቅጠሉ የተሟሟበትን ፈሳሽ ብቻውን መፈተንም ግዴታ ነው፤ ለማሟሟያ የሚያገለግለው ዲኤምኤስኦ ሲበዛ በራሱ የደም ሥርን ያላላል።

ሁለቱም ማዮግራፍ ለሌለው ላቦራቶሪ

ብዙዎች ኦርጋን ባዝ ብቻ ስላላቸው ከአኦርታ ውጭ ምርጫ የላቸውም ብለው ያስባሉ። አላቸው። ማክግሪጎር በ1965 ያስተዋወቀው ዘዴ የአይጥን የአንጀት ደም ሥሮች እንደ አንድ አካል ይወስዳል። ዋናው የአንጀት ደም ቅዳ ላይ ቱቦ ይገባና አንጀቱ ተቆርጦ ይለያል፤ የሚቀረው ከትልቁ እስከ ቀጫጭኑ የተያያዘው የደም ሥሮች መረብ ነው። በፓምፕ በደቂቃ 4 ወይም 5 ሚሊ ሊትር የሞቀ ክሬብስ እኩል ይገፋበታል። ፍሰቱ ስለማይለወጥ ግፊቱ የሚወጣውና የሚወርደው ቀጫጭኖቹ ሲጠብቡና ሲሰፉ ነው። የሚያስፈልገው ፓምፕ፣ የግፊት መለኪያና የሙቀት መጠበቂያ ነው፤ አብዛኛው በአንድ የፊዚዮሎጂ ክፍል ውስጥ ተበታትኖ ሊገኝ ይችላል።

ቅጠል ለሚፈትን የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የምመክረው ይህን ከአኦርታ ጋር ማጣመር ነው። በአኦርታው ናይትሪክ ኦክሳይድ መኖሩንና አለመኖሩን ይለያል፤ በአንጀቱ መረብ ደግሞ ኤል-ኔምና ኢንዶሜታሲን ተጨምረውም የሚቀር መላላት መኖሩን ያያል። እዚህ መፈግፈግ አይቻልምና ኢንዶቴሊየሙን ለማስወገድ ሶዲየም ዲኦክሲኮሌት ለአጭር ጊዜ በመረቡ ውስጥ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ አሴቲልኮሊን ግፊቱን ማውረድ ማቆም፣ ሶዲየም ናይትሮፕሩሳይድ ግን እንደ ፊቱ ማውረድ አለበት፤ ዲኦክሲኮሌቱ ከሚገባው በላይ ከቆየ ጡንቻውንም ስለሚጎዳ መጠኑንና ጊዜውን ቅጠሉ ከመነካቱ በፊት በጥቂት እንስሳት ላይ መወሰን ያስፈልጋል።